ዝይዋን ያጠብኩበት ቀን

ልጄ ዝይዋን ፍሪጄ ውስጥ አስቀምጣ ስትሄድ ያስጠነቀቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳትነኪያት። ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። አንዴ ወጥ ቤት ቆመን፣ አንዴ ደግሞ መኪናዋን አስነስታ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ። እኔም ሁለት ጊዜ እሺ አልኩ። እሺ ማለት ከብዶኝ አያውቅም፤ የሚከብደኝ ከእሺ በኋላ ያለው ነው።

የፈረንጆቹ ገና ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ዝይዋን ከምትኖርበት ከዴንተን ድረስ የጫነቻት እዚያ ያለውን ፍሪጅ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ስለምትጋራና ቦታ ስለሌለው ነው። ግብዣውም እኔ ቤት ነው፤ ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የዲቪ ሎተሪ ደርሶን ከመጣን ጀምሮ ልጄን ብቻዬን ያሳደግኩባት አፓርትመንት። አባቷ እኛ ከመምጣታችን በፊት ነው ያረፈው። የሚመጡት እንግዶች ሁለት ናቸው፤ የልጄ እጮኛና ፎርት ዎርዝ የምትኖረው እናቱ። እናትየዋን አይቻት አላውቅም።

ይቺ እናት ደህና በነበረችበት ጊዜ በየገናው ዝይ ትጠብስ ነበር አሉ። አሁን የጣቶቿ መገጣጠሚያ አብጦ ቢላ እንኳ መጨበጥ አቅቷታል። ልጄ ይህን ሰምታ፣ ዘንድሮ እኔ እጠብስልሻለሁ አለቻት። አሠራሩንም ከእሷው በስልክ ተማረች፤ ጻፈች፣ ጠየቀች፣ ያልገባትን ደግማ ደውላ አጣራች። ይህን ሁሉ ያደረገችው እኔ ፊት፣ የእኔው ሶፋ ላይ ተቀምጣ ነው። ዶሮ ወጥ ላስተምርሽ ባልኳት ቁጥር «ሌላ ቀን ማሚ» የምትለኝ ልጅ ናት። የሰው እናት ዝይ ግን በአንድ ሳምንት ተማረች። ቀናሁ። ሌላ ስም ባገኝለት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ቅናት ነው።

ያለፈው ዓመት የሆነውን ካልተናገርኩ ደግሞ ነገሩ ሁሉ የአንዲት ቀናተኛ ሴት ወሬ ይመስላል። ያኔ ልጄ እጮኛዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዛው መጣች። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ረዳት ነኝ፤ ፈረቃዬን ከሰው ተቀያይሬ ሦስት ቀን ወጥ ስሠራ ሰነበትኩ። ልጁ መጥቶ ተቀመጠ። እኔ አልተቀመጥኩም። ጨመርኩለት፣ ብላ አልኩት፣ አጎረስኩት፣ ሰሃን ቀየርኩ፣ ውሃ አመጣሁ፣ እንደገና ጨመርኩለት። መተንፈስ እስኪያቅተው በላ። እኔ በልቤ ግብዣው ሰመረ እያልኩ ነበር። ሲሄዱ ልጄ እሱን መኪናው ጋ ትታው ተመለሰችና በሩ ላይ ቆመች።

«ማሚ፣ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሽውም» አለችኝ። «ጆቡ ምን እንደሆነ አታውቂም። እሱም ስላንቺ ምንም ሳያውቅ ሄደ። ማለቴ፣ እኔም አላውቅም። ምግብሽን ነው የማውቀው፣ አንቺን አላውቅም።»

እኔ ደግሞ በሦስት ቀን ድካም ላይ ይህ ሲጨመርብኝ ደሜ ፈላ። «ያሳደገሽ ይኸው ምግብ ነው» አልኳት።

«ኦኬ» አለች።

ያ ኦኬ አራት ወር ፈጀ። ስደውል አታነሳም፤ ስታነሳም ደህና ነኝ፣ ቢዚ ነኝ ብላ ትዘጋለች። ከዳላስ ዴንተን በመኪና ስንት ደቂቃ ነው? ለእኔ ያን ጊዜ ሌላ አገር ሆኖብኝ ነበር። በኋላ በራሷ ጊዜ ተመለሰች፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እንግዲህ ዘንድሮ ግብዣውን እኔ ቤት ላድርግ ስትለኝ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ሁለተኛ ዕድል ነው። የጠየቀችኝም አንድ ነገር ነው፤ «አንቺ ምንም አትሠሪም። ከእኛ ጋር ቁጭ ትያለሽ።» ይህን ካበላሸሁ ሦስተኛ ግብዣ እንደማይኖር አውቄዋለሁ።

ለሰው ቀላል ይመስላል፤ ቁጭ ማለት። ለእኔ ከድርብ ፈረቃ ይብሳል።

የገና ዕለት ጠዋት ሳልፈልግ በጊዜ ነቃሁ። ቤቱ ጸድቷል። ሁለት ጊዜ ጸድቷል። ጠረጴዛው ተዘርግቷል። ልጄ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት መጥታ ዝይዋን ኦቨን ውስጥ ትከታለች፤ እንግዶቹ ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ። እስከዚያ የእኔ ሥራ መጠበቅ ነው። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። መጋረጃውን ከፈትኩ፣ ፓርኪንጉ ባዶ ነው፣ ዘጋሁት። በታኅሣሥ ውስጥ ሰው በቲሸርት የሚሄድበት ቀን ነበር፤ ኤሲውን ከፈትኩ፣ በረደኝ፣ አጠፋሁት። ማንኪያዎቹን ቆጠርኩ። እጄ ሥራ ሲያጣ ይበላኛል፤ እንዲያው አነጋገር ሳይሆን እውነት መዳፌ ይበላኛል።

ፍሪጁን ከፈትኩ። ለማየት ብቻ ነው።

ዝይዋ መሃል መደርደሪያው ላይ ክዳን የላት፣ መሸፈኛ የላት፣ ጡቷን ወደ ላይ አድርጋ ተጋድማለች። ቆዳዋ ደርቆ እንደ ወረቀት ሆኗል። ዘጋሁት። ፍሪጁ በር ላይ ልጄ በእንግሊዝኛ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፤ ሳትሸፈን ሁለት ቀን ትድረቅ፣ አትታጠብ፣ ዋናው ነገር ቆዳዋ ነው ይላል። እንግሊዝኛ አንብቤ እረዳለሁ፤ በሥራዬ የመድኃኒት ዝርዝር አነባለሁ። አልገባኝም ነበር ብዬ የማመካኝበት ቀዳዳ የለኝም።

ግን አትታጠብ የሚለው ቃል ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያልታጠበ ሥጋ፣ እኔ ቤት፣ ለእንግዳ። እኛ ዶሮ ስናጥብ በሎሚና በጨው እያሸን፣ ውሃውን እየደፋን፣ እንደገና እያሸን፣ የሚወርደው ውሃ እንደ መጠጥ ውሃ እስኪጠራ ነው። ዶሮ በደንብ ያላጠበች ሴት ስሟ ከሰፈር ሰፈር ይዞራል። ይቺ ደግሞ ከዶሮም የባሰች፣ ስብ ያጨቀያት፣ በሕይወቴ ነክቼ የማላውቃት ወፍ ናት። ዝይ የሚለውን ቃል እንኳ ከመጽሐፍ እንጂ ከማንም አፍ የሰማሁት አይመስለኝም። ለሁለተኛ ጊዜ ከፈትኩ። አሸተትኩ። ምንም አትሸትም። የማትሸት መሆኗ ራሱ አጠራጠረኝ።

በሦስተኛው ዝይዋ ሲንክ ውስጥ ነበረች።

ላጥባት ብቻ ነበር ያሰብኩት። ሁለት ሎሚ ቆረጥኩ፣ ጨው አፈስኩ፣ አሸኋት። ውሃው ሲወርድባት የደረቀው ቆዳ ለስልሶ እጄ ላይ ተንሸራተተ፤ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋጋሁ። እንዲያውም ሳንጎራጉር እራሴን ሰማሁት። ከዚያ ቢላውን አነሳሁ። ዶሮ ለወጥ ሲዘጋጅ ከማጠብ ጋር የሚሄደው ቆዳ መግፈፍ ነው፤ ቆዳ ያለው ሥጋ ወጥ ውስጥ የገባ እንደሆነ ነውር ነው። እግሯ መገጣጠሚያ ላይ በቢላው ጫፍ ዞርኩበት፣ በጣቴ ገባሁበት፣ ሳብኩት። እንደ ካልሲ ወለቀ። ወደ ታፋዋ ወጣሁ፤ እሱም ለቀቀ። ቀጥሎ ጡቷ ላይ ጣቴን ልሰድ ስል የልጄ ወረቀት ፊት ለፊቴ ነበር። ዋናው ነገር ቆዳዋ ነው።

ቆምኩ። አንድ እግሯ ከነታፋው ራቁቱን ቀርቷል። ቆዳው እጄ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሳላስበው በልማድ ነው ያደረግኩት ብል የሚያምነኝ ሰው አላጣም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። እጄ በልማድ መጀመሩ እውነት ነው፤ ግን የታፋው ቆዳ ሲለቅ አንድ ጊዜ ልቤ ደስ ብሎት ነበር። የዚያች ሴትዮ ዝይ እኔ እጅ ላይ የእኛ ዶሮ ስትሆን ማየት አስደሰተኝ። ይህ ለአፍታ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ድንጋጤ ነው። ሰዓቱን አየሁ። ለአራት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀራል።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ የተገፈፈ ቆዳ ግን ይሰፋል ብዬ መርፌና ክር ፍለጋ መሳቢያ ለመሳቢያ ሮጥኩ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዲሉ ነው። ነጭ ክር አገኘሁ። ቆዳውን እግሯ ላይ መልሼ አለበስኳትና መስፋት ጀመርኩ። እርጥብ ስለሆነ ይንሸራተታል፤ ጎትቼ ካልያዝኩት አይደርስም፤ ጎትቼ ስይዘው ይቀደዳል። ሥራ ቦታዬ ሐኪም ቁስል ሲሰፋ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያው እያንዳንዷን ስፌት ለብቻ እየቋጠርኩ ሄድኩ። ልጄ ቁልፍ አላት። በሩ ሲከፈት አልሰማሁም።

«ማሚ። ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየሰፋሁ ነው» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ቀርባ አየች። እርጥቧን ዝይ አየች፣ ሲንኩ ውስጥ የተጨመቀውን ሎሚ አየች፣ እኔንና መርፌዬን አየች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠች። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያስከፋት ነገር ሲመጣ የምትቀመጠው እንደዚያ ነው፤ ጀርባዋን ለፍሪጁ ሰጥታ፣ ጉልበቷን አቅፋ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቱ ዴይስ አድርቄያታለሁ እኮ» አለች። «ለምን?»

«ልማድ ነው የኔ እናት። እጄ ነው። ዶሮ መስሎኝ...»

«ኦኬ» አለች።

ያቺው ኦኬ ናት። ድምፁ ራሱ አልተለወጠም። አራቱ ወር መልሶ መጣብኝ። እውነቱን ልንገራት፣ ቅናት ነው ልበላት ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ሻይ ላፍላልሽ?» የሚል ነው። ተነሳች፣ እጇን ታጠበች፣ መርፌውን ከእጄ ወሰደች።

«አንቺ እዚያ ተቀመጪ። ፕሊስ።»

ተቀመጥኩ። ወንበሯ ወጥ ቤቱ መግቢያ ላይ ናት፤ ሁሉን ታሳያለች፣ ምንም አታስደርስም። ልጄ ዝይዋን በወረቀት ጠረገቻት። አልበቃትም። መታጠቢያ ቤት ገብታ የእኔን የፀጉር ማድረቂያ ይዛ መጣችና ሶኬት ላይ ሰካችው። ዝይ በፀጉር ማድረቂያ ስትደርቅ አይቼ አላውቅም፤ ልትስቅ ነው ብዬ ፊቷን ጠበቅኩ፤ አልሳቀችም። ከዚያ በዚያው በእኔ መርፌ ቆዳዋን ከጡት እስከ ጎን ጠቀጠቀችው፤ ስቡ የሚወጣው በዚያ ነው አለችኝ ሳታየኝ። ጨው ነሰነሰችባት። የተሰፋው እግር ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆም አለች፤ ክሩን አልፈታችውም። ወደ ኦቨኑ አስገባቻት።

የመጠበቁ ሦስት ሰዓት ደግሞ ለብቻው ይነገራል። ስቡ መጥበሻው ላይ ይጠራቀማል፤ ልጄ በየግማሽ ሰዓቱ እያወጣች ማሰሮ ውስጥ ትደፋዋለች። የሚደፋው ስብ ብዛቱ ያስፈራል። አንዴ ጠብ ያለው ጨሰና የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ብድግ ስል «ተቀመጪ» አለችኝ፤ ተቀመጥኩ። እሷ ወንበር ላይ ወጥታ በፎጣ ስታራግብ እኔ እጄን ጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩበት። ድንቹን በዚያ ስብ ጠበሰች፤ ቤቱን ደስ የሚል ሽታ ሞላው፤ ደስ ያለኝ መሆኑም አናደደኝ።

እንግዶቹ መጡ። ልጁ እንደ ልማዱ አቀፈኝ። እናቱ አጭር፣ ነጭ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ምርኩዝ የያዘች ሴት ናት። የጨበጠችኝ በእጇ ጀርባ ነው፤ ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል። ለስንት ሳምንት በልቤ ስጣላ የሰነበትኩት ከዚህ እጅ ጋር ነው። አፈርኩ።

ዝይዋ ጠረጴዛው ላይ ስትቀርብ ከሦስት ጎን ብታያት የመጽሔት ዝይ ናት፤ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ። በአራተኛው ጎን ግን ስፌቱ ጠቁሮ ተሰልፏል። ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ብላ ቆየች።

«ይህን ማን ነው የሰፋው?» አለች በእንግሊዝኛ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጉልበቴን ከሰፋው ሐኪም ትበልጪያለሽ» አለችኝ። ልጇ ሳቀ። የኔዋ ግን ቢላዋን እየሳለች ነበር።

ተቀመጥን። እኔም ጭምር። ሴትዮዋ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። ልጁን ስለ ሥራው ጠየቅኩት፤ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች መካኒክ ነው፣ ሞተር ከልጅነቱ ጀምሮ ይወዳል። እየሰማሁት እንኳ ዓይኔ ሰሃኑ ላይ ነበር፤ ልጨምርለት ብድግ ልል ስንት ጊዜ ወንበሬን ያዝኩ። ሴትዮዋም ሶፍቱን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች። እሷም ማረፍ የማያውቅ እጅ ነው ያላት።

ልጄ ለሁሉም ቆርጣ አቀረበች። ለእኔ ሲደርስ ከትልቁ ሰሃን አላነሳችም። ወደ ወጥ ቤት ገባችና በፎይል የተሸፈነች ትንሽ ሳህን ይዛ መጣች። ፎይሉን ገልጣ ፊቴ አስቀመጠችው።

አንገቷ ነው። የዝይዋ አንገት፣ ለብቻው የተጠበሰ።

«የእሷ አሠራር ላይ አንገቱ ለሾርባ ነው የሚለው» አለችኝ በአማርኛ፣ ፊቴን ሳታይ። «እኔ ግን ላንቺ ለየሁት። ሁልጊዜ የምትወጂው ነው ብዬ።»

ልጄ ትንሽ እያለች አንዲት ዶሮ ለሦስት ቀን ነበር የምትበቃን። ፈረሰኛው ለእሷ፣ እግሩ ለነገ ምሳዋ፣ ታፋው ሰው ቢመጣ ተብሎ ይቀመጣል። እኔ አንገቷን አነሳለሁ። ለምን ማሚ ስትለኝ፣ አንገት እወዳለሁ እላታለሁ። ያልኩት አንድ ጊዜ አይደለም፤ ከዚያም በኋላ ሥጋ በሽ በሽ በሆነበት ጊዜ ሁሉ ማለቴን ቀጠልኩ፤ ለምን እንደምለው ራሴም ረሳሁት። ልጄ ስለ እናቷ የምታውቀው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ እሱም ውሸት ነው። በእኔ እንደዚያ ተናዳ፣ አንገቱን ግን ሳታቃጥል ጠበሰችልኝ።

ማንሳትና መብላት ነበረብኝ። እንደ ልማዴ ጣት ያስቆረጥማል ብዬ፣ አጥንቱን መጥጬ። ሹካውን ያዝኩ። እጄ እምቢ አለኝ።

«አንገት አልወድም» አልኳት።

«ምን?»

«አንገት ወድጄ አላውቅም። ሌላው ላንቺ እንዲተርፍ ነው።» ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አቃተኝ። «ጠዋትም ልማድ አይደለም። ቀንቼ ነው። ከእኔ አንድ ወጥ ሳትማሪ ከእሷ ተማርሽ ብዬ። ዋሸሁሽ።»

ሴትዮዋ ልጇን ምን አለች ብላ ጠየቀችው፤ እሱም አማርኛ አያውቅም። ልጄን ያዩ ጀመር። ልጄ አልተረጎመችላቸውም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ እኔን ብቻ ታያለች። ኦኬ ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ሶ፣ ምንድን ነው የምትወጂው?» አለች።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው መኖሩን አላስታውስም። ዶሮ ስንት ቦታ እንደሚቆረጥ፣ የቱ ለማን እንደሚሰጥ፣ የቱ ቶሎ እንደሚበስል አውቃለሁ። የምወደውን ግን ፈልጌ አጣሁት።

«አላውቀውም» አልኳት።

ልጄ የአንገቱን ሳህን አነሳች። በምትኩ ንጹሕ ሰሃን አመጣችና ከዝይዋ ጡት አንድ ቁራጭ፣ ከታፋዋ አንድ፣ ከክንፏ አንድ፣ ከቆዳዋም ትንሽ፣ ሳይነካኩ ደርድራ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ ተቀመጠች።

«ቅመሺና ንገሪኝ» አለች። የራሷን ሰሃን አልነካችም፤ እስክነግራት ትጠብቃለች።